ግዞተኞቹ ሊቃውንትና የሺህ ዓመቱ ውጥን

በመንግሥት ላይ ክህደት ፈጽመሃል ተብሎ ለፍርድ የቀረበ አንድ የሒሳብ ሊቅ፣ ክሱን በማስተባበል ፈንታ የገዥዎቹ ዋና ከተማ ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ ፍርስራሽ እንደምትሆን በስሌት ማረጋገጡን በችሎት ፊት ሳይፈራ ቢመሰክር፣ ዳኞቹም ቢገድሉት ሰማዕት፣ ቢለቁት ነቢይ እንደሚሆንባቸው አስተውለው ከነተከታዮቹ ወደ ፍኖተ ሐሊብ ዳርቻ ቢያግዙት፣ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ሁሉ እስከ አምስት መቶኛው ዓመት ድረስ የሚተርክ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ አለ። ስሙ «ፋውንዴሽን» ይባላል፤ ደራሲው አሜሪካዊው አይዛክ አሲሞቭ ነው። ስለ ጠፈር ከተጻፉት ልብ ወለዶች አብዛኞቹ የሚያጫውቱን በመርከብ ግጥሚያና በጨረር ተኩስ ሲሆን፣ ይህ ግን የሚሄደው በሸንጎ ክርክር፣ በንግድ ውልና በብልሃት ነው፤ ገና ከመነሻውም ከሃዲ የተባሉት ሊቃውንት በእውነት ማንን እንደከዱ ለማወቅ አንባቢው ብዙ ገጽ መግለጥ አለበት።

አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ ሩሲያ ውስጥ ፔትሮቪቺ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ በ1923 ወላጆቹ ይዘውት ወደ አሜሪካ የተሻገሩ፣ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ያደገ ሰው ነው። አባቱ ከረሜላና መጽሔት የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ ልጁ በሱቁ መደርደሪያ ላይ የሚቆለሉትን ርካሽ የልብ ወለድ መጽሔቶች እንዳያነብ ተከልክሎ ሳለ፣ ከመካከላቸው አንዱ በስሙ ላይ «ሳይንስ» የሚል ቃል ተጽፎበት በማግኘቱ አባቱን አግባብቶ አስፈቀደ። በ1941 ኦገስት 1 ቀን፣ ገና የሃያ አንድ ዓመት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለ፣ «አስታውንዲንግ» የተባለውን መጽሔት አዘጋጅ ጆን ካምቤልን ለማነጋገር በምድር ውስጥ ባቡር ሲጓዝ፣ ይዞት የነበረውን የሙዚቃ ቴአትር መጽሐፍ ገልጦ በአንድ ዘብ ወታደር ሥዕል ላይ ዓይኑ ዐረፈ። ከወታደሩ ሐሳቡ ወደ ጦር፣ ከጦር ወደ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት፣ ከዚያም ኤድዋርድ ጊቦን ስለ ሮማ መንግሥት ውድቀት ወደ ጻፈው ታላቅ ታሪክ ተሻገረ፤ ከባቡሩ ሲወርድም የሮማን ውድቀት ከምድር አንሥቶ በከዋክብት መካከል ለመትከል ቈርጦ ነበር። ካምቤልም ሐሳቡን ሲሰማ፣ አንድ አጭር ታሪክ ጽፎ መገላገል አይበቃም፣ ተከታታይ ይሁን ብሎ አዘዘው። የመጀመሪያው ክፍል በሜይ 1942 ታተመ፤ የሒሳብ ሊቁን ፍርድ የሚተርከው መግቢያ ግን የተጻፈው ኋላ በ1951 ታሪኮቹ በመጽሐፍ መልክ ሲሰበሰቡ ነው።

የታሪኩ ምሰሶ ሃሪ ሴልደን የተባለው ተከሳሽ ሊቅ ያቋቋመው «ሳይኮሂስቶሪ» ነው፤ ይኸውም የብዙ ሕዝብን ጠባይና የመጪውን ዘመን አካሄድ በሒሳብ ቀመር የሚተምን ዕውቀት ነው። ደራሲው የኬሚስትሪ ሰው በመሆኑ ይህን ሐሳብ የቀዳው ከጋዝ ጠባይ ነው። በአንድ ዕቃ ውስጥ ከታመቀው አየር መካከል አንዲቱ ሞለኪውል ቀጥሎ ወዴት እንደምትወረወር ማንም ሊናገር አይችልም፤ እልፍ አእላፋት ሆነው ሲገኙ ግን ግፊታቸውንም ሙቀታቸውንም አስቀድሞ መተመን ይቻላል። ሴልደንም ስለ አንድ ሰው ዕጣ ፈንታ አንዳች አይናገርም፤ የሚናገረው በመላው ፍኖተ ሐሊብ ስለ ተዘራው የሰው ዘር ነው። ስሌቱ ግን የሚሠራው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ አንደኛ ሕዝቡ እጅግ ብዙ መሆን አለበት፤ ሁለተኛ ሕዝቡ ትንቢቱን ማወቅ የለበትም፤ የሚመጣበትን ያወቀ ሕዝብ ጠባዩን ይለውጣልና። ከሁለቱ የመጀመሪያው ለሒሳብ፣ ሁለተኛው ለኅሊና የሚከብድ ነው፤ የመጽሐፉ ነገር ሁሉ የሚጠነጠነውም በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

በታሪኩ መክፈቻ ላይ አሥራ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ፣ 25 ሚሊዮን ዓለማትን የሚገዛ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት አለ። መናገሻው ትራንቶር ገጿ ሁሉ በብረት ጣሪያ የተከደነ፣ ከ40 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ የታጨቀባት፣ እህል የማታበቅልና ምግቧን ከሃያ የእርሻ ዓለማት በመርከብ የምታስመጣ ናት፤ እንዲህ ያለች ከተማ የስንቅ መንገዷ አንድ ቀን ቢቈረጥ ምን እንደምትሆን ለማወቅ ሳይኮሂስቶሪ መማር አያሻም። ሴልደን በችሎቱ ፊት እንደገለጸው፣ ውድቀቱ አይቀሬ ነው፤ ከውድቀቱ በኋላ የሚመጣው የጨለማ ዘመንም ሠላሳ ሺህ ዓመት ይዘልቃል። ይሁን እንጂ የሰውን ልጅ ዕውቀት ሁሉ በአንድ ታላቅ ኢንሳይክሎፒዲያ ሰብስቦ የሚያቆይ ማኅበር ቢቋቋም፣ ሠላሳው ሺህ ወደ አንድ ሺህ ሊያጥር ይችላል። የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽኑ አለቃ ሊንጅ ቼን ነገሩን መዝኖ፣ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉትን የሴልደን ሰዎች ከነቤተሰባቸው ተርሚነስ ወደምትባል፣ በፍኖተ ሐሊብ ጠርዝ ወደምትገኝ ብረት አልባ ፕላኔት እንዲሄዱ ፈረደባቸው። ሴልደን ሐዘን አልተሰማውም፤ ይህን ግዞት ራሱ አስቀድሞ አስልቶ፣ አዘጋጅቶ፣ ዳኞቹን በዘዴ ያስወሰናቸው እሱ ነበርና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ማታለል ከመጀመሪያው ይብሳል። ግዞተኞቹ በተርሚነስ ላይ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቀለም ሲበጠብጡ፣ ካርድ ሲደረድሩና ቅጽ ሲያርሙ ኖሩ፤ በዙሪያቸው ያሉት ጠቅላይ ግዛቶች ግን ከመናገሻው ተገንጥለው፣ አገረ ገዥዎቹ ራሳቸውን ነገሥታት አሰኝተው፣ ከሁሉ የበረታው አናክሪዮን ጦሩን በተርሚነስ ላይ ለማስፈር መጣ። የኢንሳይክሎፒዲያው ባለአደራዎች እኛ በንጉሠ ነገሥቱ ጥበቃ ሥር ያለን የጥናት ተቋም ነን እያሉ ሲከራከሩ፣ ሳልቮር ሃርዲን የተባለው የከተማይቱ ከንቲባ ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ሩቅ፣ የአናክሪዮን መርከብ ግን እጅግ ቅርብ መሆኑን ሊያስረዳቸው ሞክሮ ሰሚ አጣ። በሃምሳኛው ዓመት በዓል ሴልደን ያስቀረው ክፍል ተከፈተ፤ በመካከሉም የሟቹ ሊቅ የብርሃን ምስል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በጭኑ ላይ መጽሐፍ እንደያዘ ታየ። ኢንሳይክሎፒዲያው ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስመሰያ እንደነበረ፣ ቢያልቅ ባያልቅም እንደማይገደው፣ ማኅበሩ የተቋቋመው ለሁለተኛው ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ዘር እንዲሆን መሆኑን ነገራቸው። እዚያ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚያ ሥራ ነበር። በግዞተኞቹ መካከል አንድም የሥነ ልቡና ሊቅ ሆን ተብሎ ያልተጨመረውም ስሌቱን ደርሶ የሚያይባቸው እንዳይኖር ነው። እኔ ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ልቤ የሚያዝነው ለፈረሰው መንግሥት አይደለም፤ ለነዚያ መዝገበኞች ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እጅግ ጣፋጭ ክፍል ደረስን። ተርሚነስ ጦር የላትም፤ ያላት በዙሪያዋ ያሉት ነገሥታት የረሱት የአቶም ኃይል ዕውቀት ብቻ ነው። ሃርዲን ይህን ዕውቀት ለሁሉም ሸጠ ማለት ይቻላል፤ ግን ዕውቀት አድርጎ አልሸጠውም፤ ሃይማኖት አድርጎ ሰጣቸው። በየመንግሥቱ ቤተ መቅደስ ታነጸ፤ የአቶም ማመንጫው መንበረ ታቦት መሰለ፤ ከአናክሪዮንና ከጎረቤቶቹ የተመረጡ ወጣቶች ወደ ተርሚነስ እየመጡ፣ የትኛው መዘውር መቼ እንደሚዞር፣ የትኛው መብራት ሲበራ ምን ጸሎት እንደሚደገም ተምረው፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ካህናት ሆነው ተመለሱ። መሣሪያው ለምን እንደሚሠራ ግን አንዳቸውም አያውቁም፤ ሥርዓቱን በቃል ይዘዋል፣ ምሥጢሩ ከነሱ ተሰውሯል። በአናክሪዮን የተርሚነስ አምባሳደር የነበረው ሰው በአደባባይ ሊቀ ካህናት፣ በጓዳ ዲፕሎማት ነበር። ሕሙማን ተፈወሱ፣ ከተሞች በሩ፣ ነገሥታቱም በሕዝቡ ፊት በጸዳል ተከበው ታዩ፤ ጸዳሉ ከተርሚነስ የመጣ መሆኑን ግን ሕዝቡም ንጉሡም ዘንግቶት ነበር።

በማኅበሩ በሰማንያኛው ዓመት የአናክሪዮን እንደራሴ ዊኒስ፣ የወንድሙን ልጅ ወጣቱን ንጉሥ ሌፖልድን ከጀርባ እየገፋ ተርሚነስን ለመውጋት ተነሣ። ማኅበሩ ራሱ አድሶ ባስረከበው ታላቅ የጦር መርከብ ላይ የገዛ ልጁን ልዑል ሌፍኪንን አዛዥ አድርጎ ላከ፤ ዕለቱም ሌፖልድ ለአካለ መጠን መድረሱ የሚከበርበት ነበርና ሃርዲንን እንግዳ አድርጎ ጋብዞ በቤተ መንግሥቱ አገተው። ሃርዲን ሲጃራውን እያጨሰ ሰዓቱን ይመለከት ነበር። እኩለ ሌሊት ሲሆን በአናክሪዮን ምድር ሁሉ መብራቱ ጠፋ፤ የንጉሡ ጸዳል ተገፈፈ፤ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የነበረው ዙፋን ከነንጉሡ መሬት ወደቀ። በመርከቡም ላይ ካህኑ አፖራት በወታደሮቹ ፊት ቆሞ፣ የተቀደሰውን ማኅበር ሊወጋ በወጣው መርከብ ላይ ቃለ ግዝት አወጀ፤ ቃሉን ሲጨርስም መርከቡ ጨለመ፣ ሞተሩ ዝም አለ፣ ባሕርተኞቹ በፍርሃት ተንበረከኩ፤ ሃርዲን አስቀድሞ በመርከቡ ውስጥ ያስቀበረው መቀበያ ትእዛዙን ተቀብሎ ነበርና። ከቤተ መንግሥቱ ውጭ ሕዝቡ በካህናቱ ተመርቶ በሩን ያንኳኳ ጀመር። ዊኒስ ወታደሮቹን ተኩሱበት ቢላቸው እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ ራሱ መሣሪያውን ነጥቆ በሃርዲን ላይ ቢተኩስ የተርሚነሱ ሰው በማይታይ ጋሻ ተሸፍኖ ነበርና አልነካውም፤ በመጨረሻም አፈ ሙዙን ወደ ራሱ አዞረ። አንድ ጥይት ሳይተኩስ ከተማውን ያዳነ ከንቲባ ታሪክ ነውና አንባቢ ይደሰታል፤ እኔም ተደስቻለሁ። የደስታው ሙቀት ሲበርድ ግን፣ እነዚያ ተንበርክከው የሚያለቅሱ ወታደሮች የተታለሉት በሐሰተኛ ካህናት ሳይሆን በእውነተኛ ሊቃውንት መሆኑ ትዝ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህ የአቶም ኃይልን የረሱ ነገሥታት ታሪክ ለንባብ የበቃው በ1942 ጸደይ ነው፤ ኤንሪኮ ፌርሚና ጓደኞቹ በቺካጎ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የአቶም ሰንሰለት ሂደት ያስጀመሩት ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2 ቀን ነው። ስለዚህ የመጽሔቱ አንባቢዎች የሰው ልጅ ገና በእጁ ያላስገባውን ኃይል ሲረሳው አነበቡ።

ሃይማኖቱ እየሰፋ ሲሄድ ሩቅ ያሉት ነገሥታት ከካህናቱ በስተኋላ የሚመጣውን ገዥ አይተው በራቸውን ዘጉ፤ የካህናቱ ዘመንም በነጋዴዎች ዘመን ተተካ። ሆበር ማሎው የተባለው ነጋዴ ኮሬል ለምትባል ሪፐብሊክ ጸሎት ሳይሆን የወጥ ቤት ዕቃ፣ የፋብሪካ መሣሪያና የሴት ጌጥ ሸጠ፤ ኮሬል ጦርነት ባነሣች ጊዜም አንድም ትልቅ ውጊያ ሳያደርግ ንግዱን አቋርጦ ዝም ብሎ ጠበቀ። የተበላሸ ዕቃ የሚጠግን ሲጠፋ፣ ፋብሪካው ሲቆም፣ የቤት እመቤቷ ቢላዋ መቁረጥ ሲያቅተው፣ ጦርነቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ከስሞ ቀረ። እዚህ አሲሞቭ ያሳየው የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ያስደንቃል፦ ተርሚነስ ብረት ስላልነበራት መሣሪያዋን ሁሉ አሳንሳ መሥራት ግድ ሆነባት፤ አሮጌው መንግሥት ግን ብረት ስለ ተረፈው ማመንጫውን እንደ ተራራ አግዝፎ ይገነባ ነበርና በኪስ የሚያዝ ነገር መሥራት አልቻለም። ድህነት ብልሃትን ወለደ ማለት ነው፤ ያ ድህነት ደግሞ በሴልደን ስሌት ውስጥ የገባ ነበር።

በማኅበሩ ሦስት መቶኛ ዓመት ገደማ ስሌቱ ተሳሳተ። «በቅሎው» በሚል ቅጽል የሚጠራ፣ የሰውን ስሜት በአእምሮው ኃይል የሚለውጥ፣ ጠላቱን በአንድ ጊዜ ታማኝ አገልጋይ የሚያደርግ አንድ ሰው ተነሣ፤ ሳይኮሂስቶሪ ደግሞ ስለ አንድ ሰው አንዳች አያውቅም። የተርሚነስ መሪዎች እንደ ልማዳቸው በሴልደን ክፍል ተሰብስበው ምስሉን ሲጠብቁ፣ ሽማግሌው ተገልጦ በተርሚነስ መንግሥትና በነጻ ነጋዴዎቹ መካከል ስለሚነሣ የእርስ በርስ ጦርነት በረጋ ድምፅ ያስረዳ ጀመር። ጦርነቱ ግን አልነበረም፤ የነበረው የበቅሎው መርከብ ነው፤ እሱም ምስሉ ገና ንግግሩን ሳይጨርስ ከራሳቸው በላይ ደርሶ ነበር። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሊቃችን አስቦልናል እያሉ የተኙ ሰዎች በአንዲት ሰዓት ውስጥ ወላጅ አልባ ሆኑ። በመላው ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለም ብል አላጋነንሁም።

በቅሎውን የገታው ሴልደን በምሥጢር ያቋቋመው ሁለተኛው ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ማኅበር የቁስ አካል ሊቃውንት ሲሆን፣ ይህኛው የአእምሮ ሊቃውንት ነው፤ አባላቱ የሰውን ልብ ከውስጥ እየዳሰሱ፣ ከውጥኑ የሚወጣውን ወደ መስመሩ ይመልሳሉ። የተርሚነስ ሰዎች ይህን ባወቁ ጊዜ ከመደሰት ይልቅ መቈጣታቸው ትክክል ነበር፤ ተሸሽገው የሚገዟቸውንም ፈልገው ሃምሳ የሚሆኑ ያዙ፤ ሁለተኛውን ማኅበር አጠፋን ብለውም ተደሰቱ። የተያዙት ግን ተርሚነስ እንድታምን ራሳቸውን አሳልፈው የሰጡ ሲሆኑ፣ ዋናው ጉባኤ በአሮጌይቱ መናገሻ በትራንቶር ፍርስራሽ ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቷል። የተርሚነስን ግዞተኞች ከሃዲ ያለው መንግሥት ፈርሷል፤ ከሃዲነት የሚባል ነገር ካለ ግን፣ በእኔ ፍርድ፣ የሚገኘው እዚህ በትራንቶር ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ የሚነግሠው ሁለተኛው መንግሥት ሰላማዊና ብልህ ቢሆን እንኳ፣ ገዥዎቹ ማንም ያልመረጣቸው፣ ማንም የማያያቸው፣ የተገዡን ፈቃድ ራሱን የሚሠሩ ሰዎች ይሆናሉ።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አልልም። በመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ሴት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ብርቱ ሴት የምትገባው በበቅሎው ታሪክ ውስጥ ነው፤ እሷም ባይታ ዳሬል ናት፤ የሁለተኛውን ማኅበር ስፍራ ሊናገር አፉን የከፈተውን ወዳጇን ሊቅ በጥይት የምትገድለው እሷ ናት። በመላው ፍኖተ ሐሊብ ከሰው በቀር ሌላ አስተዋይ ፍጡር የለም፤ ካምቤል ሰው ከሌላው ፍጡር ሁሉ በላጭ ሆኖ እንዲታይ የሚሻ አዘጋጅ ስለ ነበር አሲሞቭ ክርክሩን ለመሸሽ ሌላውን ፍጡር ጨርሶ ተወው። ሰዎቹም ብዙ ይናገራሉ፣ ጥቂት ያደርጋሉ። እንዲህም ሆኖ በ1966 የሁጎ ሽልማት ሰጭዎች ከተከታታይ ታሪኮች ሁሉ የምንጊዜም ምርጡን ሲመርጡ የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ትተው ይህን መረጡ፤ በኢኮኖሚ የኖቤል ተሸላሚው ፖል ክሩግማንም በወጣትነቱ ወደዚህ ሙያ የሳበው የሴልደን ሳይኮሂስቶሪ እንደሆነ ተናግሯል። በፌብሩዋሪ 2018 ፋልከን ሄቪ የተባለው ሮኬት ወደ ጠፈር በወረወረው መኪና ውስጥም የተከታታዩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት በአንዲት የኳርትዝ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው ተልከዋል።

አሲሞቭ ለሠላሳ ዓመት ያህል ትቶት የነበረውን ታሪክ በ1982 ሲመለስበት፣ በ498ኛው ዓመት ላይ ጎላን ትሬቪዝ የተባለ የተርሚነስ ሰው አስነሥቶ፣ ከመጀመሪያው ማኅበር፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛ ወገን አንዱን ለሰው ዘር ሁሉ እንዲመርጥ አደረገው፤ ሰውየውም ሁለቱንም ማኅበራት ትቶ ሦስተኛውን መረጠ። ደራሲው በተከታታዩ መጨረሻ ላይ የጻፋቸው ሁለት መጻሕፍት ወደ ሴልደን ወጣትነትና እርጅና የሚመለሱ ናቸው፤ ከአምስት መቶኛው ዓመት ወዲያ ግን አልሄደም፤ እሱም በአፕሪል 1992 ዐረፈ። ስለዚህ የሺህ ዓመቱ ውጥን በግማሹ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ይህን ታሪክ ለማንበብ የሚሻ ሰው ቢኖር፣ በታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል ሳይሆን በ1951 ከታተመው ከመጀመሪያው መጽሐፍ ይጀምር፤ ስለ ሴልደን ሕይወት ኋላ የተጻፉት ምሥጢሩን አስቀድመው ያወጡበታል።